የዋሽንግተን ኮማንደርስ ኳርተርባኮች፣ ከሳሚ ባው እስከ ጄይደን ዳንኤልስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የኖረ ሰው ይህን ክርክር ያውቀዋል፦ የከተማው የአሜሪካ እግር ኳስ ክለብ የኮማንደርስ ምርጥ ኳርተርባክ ማነው? የእሁዱ ጨዋታ አልቆ ቡና ሲፈላ አባት ዳግ ዊሊያምስን ያነሳል። ልጅ ስለ ጄይደን ዳንኤልስ ያወራል። በመሀል ያለው ትውልድ የሮበርት ግሪፊን ስም ሲነሳ ዝም ይላል። ደጋግመው የሚነሱትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። የራሴንም ፍርድ አስገብቻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኳርተርባክ ላይ ይህን ያህል ክርክር ለምን? ሌላ ተጫዋች የለም እንዴ?

አለ። ግን በአሜሪካ እግር ኳስ ማጥቃት ሲጀመር ኳሱ መጀመሪያ የሚገባው ኳርተርባኩ እጅ ነው። ለሯጩ ይስጠው፣ ወደፊት ይወርውረው ወይስ ራሱ ይዞት ይሩጥ? ሦስት ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይወስናል። ያን ጊዜ ከመቶ ሠላሳ ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች ሊጥሉት እየመጡበት ነው። ቡድኑ 10 ያርድ (9 ሜትር ገደማ) ለመግፋት ያለው አራት ሙከራ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲያሸንፉም ሲሸነፉም መጀመሪያ የሚነሳው የእሱ ስም ነው።

ዋሽንግተን ላይ ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ። ክለቡ ሦስት ሱፐር ቦውል (የዛሬው የሊጉ ፍጻሜ ጨዋታ) አሸንፏል፤ ሦስቱንም በተለያየ ኳርተርባክ። ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድ ሰው ይዞ መዝለቅ አልቻለም። የኒው ኢንግላንድ ደጋፊ "ቶም ብሬዲ" ብሎ ይጨርሳል። የዋሽንግተን ደጋፊ መልስ ግን እንደ ዕድሜው ይለያያል።

ታዲያ የምንጊዜውም ምርጥ ማነው?

ሳሚ ባው። እዚህ ላይ አልወላውልም።

ክለቡ በ1932 ቦስተን ተመሥርቶ በ1937 ወደ ዋሽንግተን መጣ። ባውም በዚያው ዓመት ከቴክሳስ መጣ። በመጀመሪያ ዓመቱ ለፍጻሜ ደርሰው ቺካጎ ቤርስን 28 ለ 21 ሲያሸንፉ ሦስት የታችዳውን ኳስ (የተጋጣሚ መጨረሻ ክልል ደርሶ ነጥብ የሚያስገኝ) ወረወረ። በ1942 እነዚያኑ ቤርሶች 14 ለ 6 አሸንፈው ሁለተኛውን ዋንጫ ወሰዱ። እስከ 1952 ድረስ 16 የውድድር ዓመት ተጫውቷል።

በዚያ ዘመን አንድ ተጫዋች ያጠቃል፣ ይከላከላል፣ ኳስም በእግሩ ይመታል። በ1943 ባው በውርወራ፣ በምት ርቀት እና የተጋጣሚን ኳስ በመጥለፍ፣ በሦስቱም ከሊጉ አንደኛ ነበር። በዚያው ዓመት ዲትሮይትን ሲገጥሙ አራት የታችዳውን ኳስ ወርውሮ አራት ኳስ ጠለፈ። ዛሬ ማንም ይህን አይደግመውም፤ ኳርተርባክን ተከላከል የሚለው አሰልጣኝም የለም። ከሁሉ በላይ ግን ጨዋታውን ቀይሮታል። ያኔ ኳስ መወርወር ሲቸግር ብቻ የሚደረግ ነገር ነበር። ባው የየዕለት ሥራ አደረገው። የዝና አዳራሹ (የታላላቅ ተጫዋቾች መታሰቢያ) በ1963 ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ገቢዎች አንዱ እሱ ነው። 33 ቁጥሩንም ክለቡ ለሌላ አይሰጥም።

አንድ ነገር ግን አብሮ መነገር አለበት። ከ1934 እስከ 1945 ሊጉ፣ ኤንኤፍኤል፣ ውስጥ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም። ዋሽንግተን ደግሞ በሩን ለጥቁሮች የከፈተው ከክለቦች ሁሉ መጨረሻ ነው፣ በ1962። ባለቤቱ ጆርጅ ፕሬስተን ማርሻል ወዶ አላደረገውም። አዲሱ ስታዲየም የፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ ስለነበር የኬኔዲ አስተዳደር አስገድዶት ነው። ባው በችሎታው የሚታማ ሰው አይደለም። የተጋጠመው ግን ብዙ ጎበዞች ከተከለከሉበት ሊግ ጋር ነው።

የያርድ ቁጥራቸውን አስቀምጦ ማወዳደር አይበቃም?

አይበቃም። ባው በዓመት የሚጫወተው ከ10 እስከ 12 ጨዋታ ነበር። በሶኒ ጀርገንሰን ዘመን 14 ሆነ። ከ1978 ጀምሮ 16፣ ከ2021 ጀምሮ 17 ነው። ሕጉም ተለውጧል። በ1978 ተከላካዮች ኳስ ተቀባዩን ከአምስት ያርድ በኋላ መግፋት ተከለከሉ። ኳርተርባኩን የሚጠብቁት ግዙፎች ደግሞ እጃቸውን ዘርግተው መመከት ተፈቀደላቸው። ከዚያ በኋላ ውርወራ በጣም ቀለለ።

ከርክ ከዝንስ በ2016 4,917 ያርድ ወረወረ። የክለቡ የአንድ ዓመት ክብረወሰን ነው። ጀርገንሰን በ1967 የወረወረው 3,747 ነው። ቁጥሩ ብቻ ሲታይ ከዝንስ ይበልጣል። ግን ጀርገንሰን በዚያ ዓመት ከኤንኤፍኤል አንደኛ ነበር። ከዝንስ በራሱ ዓመት ሦስተኛ ነው፤ ድሩ ብሪስ እና ማት ራያን ይበልጡታል። ስለዚህ አንድ ሰው ቁጥር ሲጠቅስላችሁ በስንት ጨዋታ እንደሆነ፣ በዚያው ዓመት ከሌሎቹ ስንተኛ እንደነበረም ጠይቁት። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ ደረጃውን አምናለሁ።

"ሶኒ ወይስ ቢሊ" የሚባለው ምንድን ነው?

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከተማውን ለሁለት የከፈለ ክርክር ነው። ሰው መኪናው ላይ የሚደግፈውን ስም ለጥፎ ይነዳ ነበር።

ሶኒ ጀርገንሰን በ1964 ከፊላደልፊያ መጣ። ክንዱ የተለየ ነበር፤ ኳሱ ከእጁ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ችግሩ ለብዙ ዓመት ደካማ ቡድን ውስጥ መጫወቱ ነው። ታላቁ አሰልጣኝ ቪንስ ሎምባርዲ በ1969 መጥቶ ነገሮች ሲቃኑ ሎምባርዲ በቀጣዩ ዓመት በካንሰር ሞተ። በ1971 ጆርጅ አለን መጣ። አለን መከላከልና ሩጫ የሚወድ፣ አንጋፋ ተጫዋች የሚያምን ሰው ነው። ቢሊ ኪልመርን አስመጣ። የኪልመር ኳስ አየር ላይ ትንገዳገዳለች፣ ግን ትደርሳለች። በ1962 በመኪና አደጋ እግሩን ሊያጣ ምንም አልቀረውም ነበር። ከዚያ ተነስቶ የመጣ ሰው ስለሆነ ጓደኞቹ ይከተሉታል።

በ1972 ጀርገንሰን የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ። ኪልመር ቡድኑን እስከ ሱፐር ቦውል አደረሰው። በዚያ ዓመት አንድም ጨዋታ ባልተሸነፈው ማያሚ 14 ለ 7 ተሸነፉ። ጤነኛ ጀርገንሰን ቢኖር ያሸንፉ ነበር የሚሉ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። እኔ በችሎታ ጀርገንሰንን እመርጣለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ጥሩ መከላከያና ጥሩ አሰልጣኝ ቢያገኝ ኖሮ ስለ እሱ የምናወራው ሌላ ነበር። የዝና አዳራሽ የገባውም ያለ ሱፐር ቦውል ቀለበት ነው፣ በ1983።

ጆ ታይዝማን ዋንጫም፣ የሊጉ ኮከብነትም አለው። ለምን አንደኛ አይባልም?

ብዙዎች ይሉታል፣ ሊናቅ የሚችል ሐሳብም አይደለም። በውርወራ ያርድ የክለቡ የምንጊዜም መሪ እሱ ነው፤ 25,206። ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራ በመጠበቅ ፋንታ በ1974 የተመታ ኳስ ተቀብሎ የመሮጡን ሥራ ጠይቆ የወሰደ ሰው ነው።

በጃንዋሪ 1983 ማያሚን 27 ለ 17 አሸንፈው የመጀመሪያውን ሱፐር ቦውል ወሰዱ። የጨዋታው ኮከብ የተባለው ሯጩ ጆን ሪጊንስ ነው። ግን ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ቅጽበት አለ። ሦስተኛው ሩብ ላይ ታይዝማን የወረወረው ኳስ ተመትቶ ወደ ላይ ተነሳ። የማያሚው ኪም ቦካምፐር ሊይዘው እጁን ዘረጋ። ቢይዘው ታችዳውን ነው፣ መስመሩ አጠገብ ነበሩ። ታይዝማን ራሱ ዘሎ ከእጁ አስጣለው። ያ ባይሆን ዋንጫው ማያሚ ሊሄድ ይችል ነበር።

በቀጣዩ የውድድር ዓመት ታይዝማን የሊጉ ኮከብ ተባለ። ቡድኑ 541 ነጥብ አስቆጠረ፣ በወቅቱ ክብረወሰን ነበር። ፍጻሜው ላይ ግን ሬይደርስ 38 ለ 9 ቀጧቸው። ከባው በታች የማደርገው በዚህ ሽንፈት አይደለም። ባው ጨዋታውን ራሱን ስለቀየረ ነው።

ዳግ ዊሊያምስ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የተጫወተው። ስሙ ይህን ያህል የሚከበረው ለምንድን ነው?

ምክንያቱ ጃንዋሪ 31 ቀን 1988 ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ግን ቀደም ብሎ ነው።

ዊሊያምስ ግራምብሊንግ ከሚባለው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በ1978 በድራፍቱ፣ ክለቦች በተራ አዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት፣ በመጀመሪያው ዙር ታምፓ ቤይ ወሰደው። ያኔ ጥቁር ተጫዋች ኳርተርባክ መሆን አይችልም፣ ጭንቅላት ይጠይቃል የሚል ነውረኛ ወሬ በይፋ ይወራ ነበር። ታምፓ መሳቂያ ክለብ ነበር፤ እሱ ሦስት ጊዜ ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ያለው ጥሎ ማለፍ) አደረሰው። ደመወዙ ግን ከአንዳንድ ክለቦች ተጠባባቂዎች እንኳ ያነሰ ነበር። ጭማሪ ጠየቀ፣ ባለቤቱ እንቢ አለ፣ ለቆ ወደ ተፎካካሪ ሊግ ሄደ። ያ ሊግ ሲፈርስ የደወለለት አንድ ሰው የዋሽንግተን አሰልጣኝ ጆ ጊብስ ነው። ጊብስ ታምፓ ውስጥ አሰልጥኖታል። በ1986 ዋሽንግተን ውስጥ ተጠባባቂ ሆኖ ጀመረ።

በ1987 መደበኛ ውድድር ከመጀመሪያው ደቂቃ የተሰለፈው በሁለት ጨዋታ ብቻ ነው። ተጠባባቂ ሆኖ እየገባ ግን ጨዋታ ይቀይራል። ጊብስ ጄይ ሽሮደርን አስቀምጦ ፕሌይኦፉን ለዊሊያምስ ሰጠው። ቺካጎን አሸነፉ፣ ሚኒሶታን አሸነፉ፣ ሳንዲያጎ ለፍጻሜ ደረሱ። ከጨዋታው በፊት በነበረው ቀን የጥርስ ሥር ሕክምና ተደረገለት። በመጀመሪያው ሩብ ዴንቨር 10 ለ 0 መራ። ዊሊያምስም ጉልበቱ ተጣሞ ለጥቂት ጊዜ ወጣ።

ከዚያ ሁለተኛው ሩብ መጣ። 80 ያርድ ለሪኪ ሳንደርስ። 27 ያርድ ለጋሪ ክላርክ። ቲሚ ስሚዝ 58 ያርድ ሮጠ። 50 ያርድ እንደገና ለሳንደርስ። 8 ያርድ ለክሊንት ዲዲየር። በአንድ ሩብ 35 ነጥብ፣ አራቱ ታችዳውን ከዊሊያምስ እጅ። ጨዋታው 42 ለ 10 አለቀ። ዊሊያምስ 340 ያርድ ወርውሮ ኮከብ ተባለ። ሱፐር ቦውል ላይ በቋሚነት ተሰልፎ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ እሱ ነው። ሁለተኛው ራስል ዊልሰን ነው፣ በ2014። መሀሉ 26 ዓመት።

ይህ የሆነው ጥቁሮችን ከሁሉ መጨረሻ ያስገባው ክለብ ውስጥ ነው። የከተማዋም ነዋሪ አብዛኛው ያኔ ጥቁር ነበር። ደርግን ሸሽተው በ1980ዎቹ ዲሲ የገቡ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የጨዋታውን ሕግ እንኳ ገና አልለመዱም ነበር። የከተማው ደስታ ግን ገብቷቸዋል። ስለዚህ አባቶቻችሁ ዊሊያምስን ሲያነሱ ስለ ያርድ እያወሩ አይደለም። የሙያ ዘመን ከሆነ የሚለካው ዊሊያምስ ከምርጥ አምስቱ ውስጥ አይገባም። አንድ ጨዋታ ከሆነ ግን በዚህ ክለብ ታሪክ ውስጥ የሚስተካከለው የለም።

ማርክ ሪፒንስ?

ካናዳ ካልጋሪ የተወለደ፣ በስድስተኛው ዙር የተመረጠ ሰው ነው። በ1991 ረጅም ኳስ እንደ እሱ የሚጥል አልነበረም። አትላንታ ላይ በአንድ ጨዋታ ስድስት ታችዳውን ወርውሯል። በጃንዋሪ 1992 ቡፋሎን 37 ለ 24 አሸንፈው ኮከብ ተባለ። ያ የ1991 ቡድን በእኔ ዓይን የክለቡ ምርጥ ቡድን ነው። ሪፒን ራሱ ግን ከዚያ በኋላ ያን ደረጃ አልደገመውም።

ጊብስ በሦስት የተለያዩ ኳርተርባኮች ሦስት ዋንጫ ካሸነፈ፣ ኳርተርባኩ ያን ያህል ወሳኝ አይደለም ማለት አይደለም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከሁሉም በላይ መመለስ የምፈልገውም ይህንን ነው። ጊብስ ብቸኛው ነው፤ ሦስት ሱፐር ቦውል በሦስት ኳርተርባክ ያሸነፈ ሌላ አሰልጣኝ የለም።

እንዴት? ከፊት ያሉት ሰዎች አልተቀየሩም። ደጋፊው "ሆግስ" የሚላቸው እነዚያ የፊት መስመር ግዙፎች፣ ሩስ ግሪም፣ ጆ ጃኮቢ እና ጓደኞቻቸው፣ በአሰልጣኝ ጆ ቡግል እጅ ተሠርተው አሥር ዓመት ሊጉን ገፉት። በ1991 ዓመቱን ሙሉ የቡድኑ ኳርተርባክ ኳስ እንደያዘ የተጣለው 9 ጊዜ ብቻ ነው። ዛሬ አንዳንድ ቡድን ይህን በሁለት ጨዋታ ያስመዘግባል። ሪፒን ያን ሁሉ ረጅም ኳስ የጣለው ቆሞ የሚያይበት ጊዜ ስለነበረው ነው።

ስለዚህ ኳርተርባክ ወሳኝ ነው፣ ግን ብቻውን የሚለካ ነገር አይደለም። ማን ይጠብቀዋል? ማን ያሠለጥነዋል? ባለቤቱ ትዕግሥት አለው? ሲጎዳ ያሳርፉታል? እነዚህን ሳይጠይቁ ሁለት ኳርተርባክ ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶቼ በሙሉ የሚቆሙት በዚህ ላይ ነው።

ከሪፒን በኋላ እስከ 2011 ማን ነበር?

ብዙ ሰው። ሂዝ ሹለር በ1994 ሦስተኛ ሆኖ ተመርጦ አልሆነለትም። በዚያው ዓመት በሰባተኛው ዙር የመጣው ጋስ ፍሬሮት ቦታውን ወሰደበት። ብራድ ጆንሰን በ1999 ጥሩ ነበር፤ ሸኙት፣ ታምፓ ሄዶ ሱፐር ቦውል አሸነፈ። ፓትሪክ ራምዚ፣ ማርክ ብሩኔል፣ ጄሰን ካምቤል፣ ዶኖቫን ማክናብ፣ ሬክስ ግሮስማን። አሰልጣኝ ይቀያየራል፣ ስልቱ ይቀያየራል፣ ወጣቱ ኳርተርባክ በየዓመቱ አዲስ ቋንቋ እንደሚማር ሰው ይሆናል። ካምቤል ላይ የደረሰው በተለይ ያሳዝናል። መጥፎ ተጫዋች አልነበረም።

ሮበርት ግሪፊን ሦስተኛው ምን ሆነ? ጥፋቱ የማን ነው?

በ2012 ክለቡ እሱን ለማግኘት ሲል ለሴንት ሉዊስ ራምስ ሦስት የመጀመሪያ ዙር እና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ሰጠ። ግሪፊንም በመጀመሪያ ዓመቱ ዋጋውን አሳየ። 3,200 ያርድ ወረወረ። 20 ታችዳውን፣ የተጠለፈበት 5 ብቻ። በእግሩ 815 ያርድ ሮጠ። ሚኒሶታ ላይ 76 ያርድ ሮጦ ሲያስቆጥር ስታዲየሙ ተናወጠ። ቡድኑ 10 አሸንፎ 6 ተሸንፎ ምድቡን ከ1999 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መራ። ያ ዓመት ከተማው ውስጥ ያልለበሰው ሰው አልነበረም፤ የ10 ቁጥር ማሊያ ባቡር ውስጥ፣ ቤተክርስቲያን በር ላይ፣ ገበያ ውስጥ ይታይ ነበር።

ዲሴምበር ላይ ከባልቲሞር ጋር ሲጫወቱ ጉልበቱን ተመታ። ጃንዋሪ 6 ቀን 2013 ሲያትልን በፕሌይኦፍ ገጠሙ። 14 ለ 0 መሩ። ከዚያ ግሪፊን ማንከስ ጀመረ። ሁሉም ያየዋል፣ ቴሌቪዥን ላይ ያለነውም እናየዋለን። አላስወጡትም። አራተኛው ሩብ ላይ ጉልበቱ ከሥሩ ታጠፈ፣ ሁለት ጅማት ተበጠሰ። 24 ለ 14 ተሸነፉ። በ2013 ቶሎ ተመለሰ። ቡድኑ 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ፣ አሰልጣኝ ማይክ ሻናሃን ተባረረ። ግሪፊን ያ ሰው ሆኖ አልተመለሰም።

ጥፋቱን ግሪፊን ላይ ብቻ የሚያደርግ ክርክር አልቀበልም። ከኳስ አወራወሩ ጋር የተያያዘ ድክመት ነበረው፤ ራሱንም ከምት አያድንም ነበር። ግን የ22 ዓመት ልጅ "ደህና ነኝ፣ ልጫወት" ቢል ይጠበቃል። ሁሌም ይላሉ። እንቢ ማለት የነበረበት ከእሱ የሚበልጠው ሰው ነው። የሚያነክስን ልጅ ሜዳ ላይ ማቆየት የአሰልጣኝ ውሳኔ ነው። ይህን ዛሬም ስጽፈው ያንገበግበኛል።

ከርክ ከዝንስ ከግሪፊን ይሻል አልነበረም?

በቆይታ አዎ። ከግሪፊን ጋር በአንድ ድራፍት፣ በአራተኛው ዙር ነው የመጣው። ከ2015 ጀምሮ ሦስት ዓመት በተከታታይ ከ4,000 ያርድ በላይ ወረወረ። ታምፓን 24 ለ 0 እየተመሩ ተነስተው 31 ለ 30 ያሸነፉበትም ጨዋታ የእሱ ነው። ክለቡ ግን ረጅም ውል ሊሰጠው አልቆረጠም፤ በዓመት ውል ሁለት ጊዜ አቆዩት። በ2018 ወደ ሚኒሶታ ሄደ። የሦስት ዓመት ውሉ 84 ሚሊዮን ዶላር፣ ሙሉው ዋስትና ያለው ነበር። ግሪፊን በ2012 የደረሰበት ከፍታ ላይ ከዝንስ ደርሶ አያውቅም። አስተማማኝነቱ ግን ከእሱ በኋላ የመጡት ሲታዩ ነው የገባን።

ኖቬምበር 18 ለምን ይፈራል?

በ1985 ኖቬምበር 18 ማታ፣ ከጃያንትስ ጋር ሲጫወቱ ሎውረንስ ቴይለር ታይዝማንን ሲጥለው እግሩ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ አልተጫወተም። ልክ በ33 ዓመቱ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 2018፣ አሌክስ ስሚዝ ከሂውስተን ጋር ሲጫወት ያው እግር፣ ቀኙ፣ ተሰበረ። ታይዝማን ስታዲየም ውስጥ ነበር። ሁለቱም ጨዋታዎች ያለቁት 23 ለ 21 ነው።

የስሚዝ ቁስል አመረቀዘ፣ እግሩ ሊቆረጥ ነበር፣ ሕይወቱም አደጋ ላይ ወደቀ። 17 ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ኦክቶበር 2020 ላይ ተመልሶ ሜዳ ገባ። በዚያ ዓመት ቋሚ ሆኖ ከተሰለፈባቸው ስድስት ጨዋታዎች አምስቱን አሸንፎ ቡድኑን ለፕሌይኦፍ አበቃው። እንደ ኳርተርባክ ከታላላቆቹ አይመደብም። ግን ማሊያውን ከለበሱት ሁሉ እሱን ያህል ያከበርኩት ጥቂት ነው።

ጄይደን ዳንኤልስ አዲሱ ግሪፊን ነው?

የሚመሳሰሉበት ይበዛል። ሁለቱም በሁለተኛ ቁጥር ተመረጡ፣ ሁለቱም የሃይዝማን ሽልማት (ለኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጥ) ወስደው መጡ፣ ሁለቱም ይሮጣሉ፣ ሁለቱም የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ አጥቂ ተባሉ። ግን የዳንኤልስ የመጀመሪያ ዓመት ይበልጣል። በ2024 3,568 ያርድ ወረወረ፣ 25 ታችዳውን። በእግሩ 891 ያርድ ሮጦ የግሪፊንን የጀማሪ ኳርተርባክ ክብረወሰን ሰበረ። ከወረወረው 69 በመቶው ተቀባይ እጅ ገባ።

ዋናው ልዩነት ግን ጨዋታ ሲያልቅ ነው የሚታየው። ኦክቶበር 27 ከቺካጎ ጋር የመጨረሻዋ ሰከንድ ላይ በአየር የለቀቀው ኳስ ሰው እጅ ነጥሮ ኖአ ብራውን እጅ ገባ፤ 18 ለ 15። ዲሴምበር ላይ ፊላደልፊያን 36 ለ 33 ሲያሸንፉ አምስት ታችዳውን ወረወረ፤ የመጨረሻው 6 ሰከንድ ሲቀር ነው። በፕሌይኦፍ ታምፓን 23 ለ 20 አሸነፉ። ከጃንዋሪ 2006 ወዲህ የመጀመሪያው የፕሌይኦፍ ድል ነው። ከዚያ 15 ጨዋታ ያሸነፈውን ዲትሮይትን በሜዳው 45 ለ 31 ጣሉት። ከሱፐር ቦውል አንድ እርምጃ ሲቀር ፊላደልፊያ 55 ለ 23 አስቆማቸው።

በዙሪያው ያለውም ተቀይሯል። ለብዙ ዓመት ክለቡን ያመሰው ባለቤት በ2023 ለጆሽ ሃሪስ ቡድን ሸጦ ወጣ። አሰልጣኝ ዳን ክዊን ሰው የሚሰማው ሰው ነው።

የሚያሳስበኝ ጤናው ነው። ዳንኤልስ ቀጭን ነው። በ2025 ጉልበቱን፣ የኋላ ጭኑን፣ በመጨረሻም ከሲያትል ጋር ሲጫወት የግራ ክርኑን ተጎዳ። የክርኑ ጉዳት የደረሰው ጨዋታው ካለቀለት በኋላ፣ በሰፊ ልዩነት እየተሸነፉ ሳለ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ይህን ያየ ደጋፊ ወዲያው 2013ን ያስባል፤ አይፈረድበትም። ከግሪፊን የሚለየው በችሎታው ብቻ እንዳይሆን እመኛለሁ። ጠባቂ መስመር ይግዙለት፣ ያለቀ ጨዋታ ላይ ያስወጡት። ከዚያ ከታይዝማን ጋር ልናወዳድረው እንችላለን። ከአሁኑ ከባው ጋር ማስቀመጥ ግን መቸኮል ነው።

እሺ፣ ደረጃ ስጥ ብትባልስ?

አንደኛ ባው፣ ሁለተኛ ጀርገንሰን፣ ሦስተኛ ታይዝማን። ዊሊያምስን በተራ ቁጥር ውስጥ አላስገባውም፤ ለእሱ ከላይ ያልኩት ይበቃል። ቀጥሎ ሪፒንና ኪልመር፣ ከዚያ ከዝንስ። ዳንኤልስ ገና እየተጫወተ ነው።

ከልጆቼ ጋር ልከራከር እፈልጋለሁ፣ ጨዋታውን ግን ብዙም አላውቅም። ከየት ልጀምር?

ከሦስት ጨዋታ። መጀመሪያ የ1988ቱን ሱፐር ቦውል ሁለተኛ ሩብ እዩ፤ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ስታዩ ኳሱን ብቻ አትከተሉ። ዊሊያምስ ፊት ያሉትን አምስት ሰዎች እዩ፣ ማንም አጠገቡ አይደርስም። ቀጥሎ የጃንዋሪ 2013ቱን የሲያትል ጨዋታ እዩ። የግሪፊንን ቀኝ እግር ከመጀመሪያው ሩብ መጨረሻ ጀምሮ ተከታተሉ። ይህን ከልጅ ጋር ማየት ከባድ ነው፣ ግን ክርክሩ የሚገባው እዚህ ነው። በመጨረሻ የጃንዋሪ 2025ቱን የዲትሮይት ጨዋታ፣ ሙሉውን። በአራተኛ ሙከራ ላይ ሌላው ሰው ሲጨነቅ ዳንኤልስ እንዴት እንደሚረጋጋ ታያላችሁ። አባት ያሉበት ቤት ከሆነ የመጀመሪያውን ከእሳቸው ጋር እዩት፤ ያን ቀን የት እንደነበሩ ጠይቋቸው።